ከደንገጎ ጉም ውስጥ «ና!» ያለው

የጅን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቀፊራ ገበያ ጠይቅ፣ ይነግሩሃል። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው፣ ያኔ ለመንጃ ፈቃድ ረፍዶ ነበር፣ ስለዚህ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ፣ ልጆቼን የሚያህሉ ሹፌሮች እያዘዙኝ አረጀሁ። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፣ ተረት የምፈጥርበት ትርፍ ጉልበት እንደሌለኝ እንድታውቅ ነው።

ድንች ጭነን በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ እየወረድን ነበር፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጉም ከላይ መጣ። ከሰማይ እንዳይመስልህ፣ መሬት ለመሬት ነው፣ እንደ ጎርፍ፣ መጀመሪያ ቦዩን ሞላ፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው ለሁለት ተከፍሎ ዞረው፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ጎማው ጠፋ፣ ቀጥሎ መስኮቱ።

እንዲህ ሲሆን ረዳት ይወርድና በገደሉ በኩል ከፊት እየሄደ «ና! ና!» ይላል፣ ሹፌር ድምፁን ይከተላል። የመኪናው ቦዲ ሁለቴ ከተመታ ቁም ማለት ነው።

«ውረድ እንጂ አንተ ሽማግሌ፣ ጉም ይበላሃል እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ አብዲ፣ የድሬው ሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው።

«እኔ አጥንት ነኝ፣ ከበላም አንተን ነው።»

ትንሽ እንደሄድን የመንገዱ ጠርዝ ጠፋኝ፣ ቦዲውን ሁለቴ መትቼ አስቆምኩትና ታኮ ድንጋይ ላደርግ ወደ ኋላ ጎማ ሄድኩ። ጎንበስ እንዳልኩ ከፊት በኩል «ና! ና!» የሚል ጥሪ ሰማሁ። እመነኝ፣ የራሴ ድምፅ ነው፣ ሳሌ እንኳ ሳይቀር። አፌን በእጄ ዳሰስኩ፣ ዝግ ነው። መኪናው ተንቀሳቀሰ። በያዝኩት ድንጋይ ቦዲውን ደበደብኩት፣ ቆመ።

የፊት ጎማው ግማሹ አየር ላይ ነበር።

አብዲ በሌላኛው በር ዘሎ ወርዶ ኮሌታዬን አነቀ። «ወላሂ ና ብለኸኛል!»

«ከኋላ ነበርኩ እኮ፣ ድንጋዩን በእጄ አታይም?»

«ስትቀናብኝ ኖረህ ኖረህ፣ ልትገድለኝ አቦ!»

እኔም ጠረጠርኩት፣ ሲቀልድብኝ ይሆናል አልኩ፣ ግን ራሱን ገደል የሚከት ቀልደኛ የት አለ? እየተጨቃጨቅን ጉሙ አልፎን ወደ ታች ጎረፈ፣ መንገዱ ተገለጠ፣ ድምፁም አብሮ «ና! ና!» እያለ ቁልቁል ወረደ፣ ወደ ከተማው። አብዲ አልሰማሁም አለ። ይህን ሲል ግን ዓይኔን አላየኝም።

ዛሬም ቀፊራ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔ ከሌላ ሹፌር ጋር ነኝ፣ ስቀጠርም ቁርጡን ነግሬዋለሁ፣ በጉም ቦዲ እመታለሁ እንጂ ና አልልም። ባለፈው ደንገጎ ላይ ጉሙ ጉልበቴ ሲደርስ፣ አፌን ገጥሜ እንደቆምኩ፣ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣና፦

«ሰማሁህ አቦ፣ መጣሁ፣ ምን ያስጮህሃል?» አለኝ።