ዐሥራ አንደኛው አምፖል

ጡረተኛው መምህር መስኮት በሌለው ኮሪደር፣ ከመሰላሉ ሥር ሞተው ተገኙ። ከራስጌያቸው አንድ አሮጌ ጥምዝ አምፖል ተሰብሯል፤ ከጣሪያው ላይ ግን አዲሱ ኤልኢዲ አምፖል ምንም እንዳልተፈጠረ ቦግ ብሎ ይበራል።

«ወንድም ጋሼ አምፖል ሲቀይር ሠራተኛዋ መሰላሉን ገፍታ ጣለችው» አለ ታናሽ ወንድማቸው ለመርማሪዋ። «ዕቃ ቤት ቆልፌባታለሁ። የውጭውንም በር መልሼ ቆልፌአለሁ፤ ማንም አይወጣም።»

ሠራተኛዋ ከዕቃ ቤቱ ፍርግርግ ጀርባ ላብ አጥምቋታል። ግድግዳው ወደ እሷ የሚጠጋ ይመስላታል።

«እኔ አልነካኋቸውም! ሰኞ ዐሥራ አንዱንም አምፖል ቀይረን ጨርሰናል። ጋሼ ዛሬ ምን ይቀይራሉ?»

«አሮጌዎቹስ?»

«አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ‹ሜርኩሪ አላቸው፣ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉም› ብለው፣ መልሶ ጥቅም ላይ ለሚያውላቸው ድርጅት እንዲያደርስ ለወንድማቸው ሰጡት።»

«ማክሰኞ አስረክቤአለሁ» አለ ወንድምየው ቀልጠፍ ብሎ።

ተከራዩ ልብስ ሰፊ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ። «እኔ የሰማሁት ጭቅጭቅ ነው። ‹ቤቱ ይሸጥ፣ አይሸጥም› ሲባል።»

«ከማን ጋር?»

ልብስ ሰፊው ወንድምየውን ሰረቅ አድርጎ አየና መርፌውን መልሶ በከንፈሩ ያዘ።

መርማሪዋ ስብርባሪው አጠገብ ተንበረከከች። በአምፖሉ ነጭ አንገት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ። መምህሩ ተማሪ ቢያጡ የቤት ዕቃ ማረም ጀምረው ነበር። መርማሪዋ የወንድምየውን የመኪና ቁልፍ ተቀብላ፣ በሩን አስከፍታ ወጣች፤ ስትመለስ ካርቶን ይዛለች፤ ወንድምየው በሩን መልሶ ቆለፈ። ዕቃ ቤቱን አስከፍታ ሦስቱንም ኮሪደሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዛሬ ዓርብ ነው። እዚህ ግን ‹ኮሪደር፤ ወጣ፣ ሰኞ› ይላል። ሰኞ የወጣ አምፖል ዛሬ ከጣሪያ አይወርድም። መሆን ያለበት ካርቶኑ ውስጥ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አስረክቤአለሁ ያሉት ካርቶን መኪናዎ ኋላ ተቀምጧል። ዐሥር አምፖል፣ አንድ ባዶ የጋዜጣ መጠቅለያ። ወንድምዎን መትተው ገደሉ፤ መሰላል አቆሙ፤ ዐሥራ አንደኛውን ሰበሩና ጣትዎን ወደ እሷ ቀሰሩ። የመኪናው ቁልፍ የነበረው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ወንድምየው ወደ ውጭው በር ሮጠ። ራሱ የቆለፈው በር ነው። ኪሶቹን ቢዳብስ ቁልፉ ጠፋው፤ ከኪሱ ሲያወጣው ደግሞ ወደቀበት።

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል» አለ ልብስ ሰፊው።

ሠራተኛዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ጋሼ ያችን ካርቶን አድርስልኝ እያሉ አራት ቀን ለመኑት» አለች። «ይኸው ስንፍናው ነፃ አወጣኝ።»