ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

የከተማው ትምህርት ቤቶች የሕግ አማካሪ በቤተ መጻሕፍቱ መሰላል ሥር ተጋድሞ ሲገኝ ያየው ሁሉ «ወድቆ ነው፤ ነፍስ ይማር» አለ። መርማሪዋ ግን ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ መነጽሩን አተኩራ አየች። ባልደረቦቿ «ጆሮ» የሚሏት ከመናገር ይልቅ መስማት ስለምትወድ ነው። ዛሬ የምትሰማው ሟቹን ነበር።

«መነጽሩ የቅርብ ማንበቢያ ነው» አለች በመጨረሻ። «ይህን አድርጎ መሰላል የሚወጣ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያይም። ተቀምጦ ሲያነብ ከኋላው ተመቷል፤ ከዚያ ነው ወደዚህ የተጎተተው።»

በአንባቢዎች ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር አልተዘጋም። የቤተ መጻሕፍቱ የመረጃ ቋት ተከፍቷል፤ የትምህርት ሕግ የቸገረው ሁሉ፣ ቤቱ ሆኖም በኢንተርኔት፣ መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያ ነው። በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ሥነ ሥርዓት» የሚል ቃል ተጽፏል። ከሥሩ አንድ መመሪያ ብቻ ወጥቷል፤ ተማሪን ቃሉን ሳይሰሙ ከትምህርት ማባረር የሚከለክል መመሪያ።

ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢ ሳይከፈት በፊት በግቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሟቹን ምክትል ጠራችው።

«አለቃህን ትጠላው ነበር አሉ።»

«እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል፤ እንዴት እወደዋለሁ? ግን አለቃውን የጠላ ሁሉ ቢገድል ኖሮ የትኛው ቢሮ አለቃ ይተርፈው ነበር?»

«ይህን ቃል የጻፈው እሱ ነው?»

ምክትሉ ስክሪኑን አየና ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፍሮ አፉን ያዘ። «በንጉሡ ሠ? በጭራሽ! ‹እሳቱ ሰ እያለች ምን ጎደለን› እያለ እኛንም አስለምዶናል። ዓይኑ ዐንማ ጭራሽ ጽፏት አያውቅም።»

ሌላ ሰው ነው የጻፈው፤ ጽፎም አማካሪውን አስቀምጦ አስነብቦታል። መርማሪዋ ይህን በልቧ ያዘች።

ሁለተኛዋ የቋንቋ መምህርት ናት። ሕመም ቀኝ እጇን ካሽመደመደው ወዲህ ጠመኔ እንኳ አይይዝላትም። በግራዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች።

«አልዋሽሽም ልጄ፤ አላዘንኩም። እናት አባቷ የሞቱባት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ፈተና ሰረቀች ብለው፣ አፏን ሳትከፍት አባረሯት። ይግባኙ ላይ ቆሜ ጮህኩ። እሱ ሆዬ ‹የሚከለክል ሕግ ፈልጌ አጣሁ› ብሎ አስፈረደባት። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው።»

«ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»

«ከአጎቷ ጋር። በይግባኙ ቀን መጥቶ ነበር አሉ፣ ከበር መለሱት። መልኩን አላውቀውም። የመጨረሻው ይግባኝ ይቀራታል፤ ማን ይከራከርላት?»

ሦስተኛው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው። አንባቢን ሁሉ ዝም ስለሚያሰኝ «ጋሽ ዝም» ይሉታል። መርማሪዋ መጽሐፍ ወደሚጠግንበት ክፍል ስትሄድ የየመደርደሪያውን ምልክት እያነበበች አለፈች። ሁሉም በእሱ እጅ የተጻፈ ነው፤ ንጉሡ ሠም፣ ብዙኃኑ ኀም፣ ዓይኑ ዐም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል።

ክፍሉ አቧራና ሙጫ ለብሷል። መጽሐፍ የሚጫንበት ብረት ብቻ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ወንበሩ ላይ የተማሪ ሹራብ ተሰቅሏል፤ የክንዱ ቀዳዳ በወፍራም፣ ሰም በተቀባ ክር ተሰፍቷል።

«የማን ነው?»

«ተማሪ ረስታው የሄደችው።»

«አማካሪውን ያውቁት ነበር?»

«እዚህ የገባ ሁሉ ለእኔ አንባቢ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከሹራቡ ሳያነሳ።

በማግስቱ ሦስቱንም በንባብ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ያንን መመሪያ አንድ በአንድ ፈልጉልኝ» አለች።

ምክትሉ በእሳቱ ሰ ጻፈ፤ «ምንም አልተገኘም» የሚል ገጽ መጣ። መምህርቷ በግራ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፤ መመሪያው ወጣ። ጋሽ ዝም እጁን ከፊደሎቹ በላይ ጥቂት አንሳፈፈና «ስነ ስርአት» ብሎ ጻፈ። ምንም አልተገኘም።

«አማካሪው በንጉሡ ሠ አይጽፍም» አለች መርማሪዋ። «ምክትሉ እስከ ዛሬ የጻፈውን ሁሉ አገላብጫለሁ፤ አንድም ንጉሡ ሠ የለበትም። መምህርቷ አሳምራ ትጽፋለች፤ በዚያ እጇ ግን ያንን ታጥቦ የሚያብረቀርቅ የመጽሐፍ መጫኛ ብረት አንስታ ሬሳ ልትጎትት አትችልም። የቀሩት እርስዎ ነዎት ጋሼ። ቤቱን በሙሉ በንጉሡ ሠ የሞሉት ሰው፣ ዛሬ ፊደሉ ከየት ጠፋብዎ? አጻጻፍዎን ሊደብቁ ፈልገው ነው። ደግሞ ተረስቶ የቀረን ሹራብ በመጽሐፍ መስፊያ ክር የሚጠግን ሰው የለም። አጎቷ እርስዎ ነዎት።»

መምህርቷ «ወይ አምላኬ!» አለች።

ጋሽ ዝም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።

«ከበር መለሰኝ! ‹አንተን የሚሰማህ የለም› አለኝ። መመሪያውን ስፈልገው ወዲያው አገኘሁት፤ እሱ አጣሁ ብሎ ምሎ ነበር። አስጠራሁት፣ አስቀመጥኩት፣ ቃል በቃል አስነበብኩት። ‹ይህን አይቼው አላውቅም› አለኝ። ዓይኔን እያየ ዋሸኝ! ያን ጊዜ ብረቱን አነሳሁ። ቢነሳ ደግሜ እመታው ነበር።»

«መመሪያውን ይዘው ወደ ይግባኝ ሰሚዎቹ ቢሄዱስ ኖሮ? ቀኑ እኮ አላለፈም።»

«የእሷ መመለስ ብቻ አልበቃኝም። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር ነበር የፈለግኩት።»

መርማሪዋ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። «ይህን ገጽ ከዛሬ በፊት አይተውት ያውቃሉ?»

«ምንም አልተገኘም» ይላል ገጹ። ጋሽ ዝም አየው፤ ደግሞ አየው።

«እርስዎ ሁልጊዜ አስተካክለው ስለሚጽፉ ይህ ገጽ መጥቶብዎት አያውቅም። አማካሪው ግን እንደ ልማዱ በጻፈ ቁጥር የሚያየው ይህንን ነው። ክፉ ሰው ነበር፤ ሰው ከበር ይመልሳል፣ ልጅ ሳይሰማ ያባርራል። በዚህ ቃሉ ግን አልዋሸም። የመመሪያውን ርዕስ ወደ ቋቱ ያስገባው ማን ነው?»

«እኔ።»

«በሌላው ፊደል ለሚፈልግ መንገድ የሚያሳይ መስመር መጨመር የማን ሥራ ነበር?»

«የእኔ» አለ። ይህኛው ከከንፈሩ አላለፈም።

እጁን ሊያስሩት ሲሉ አንድ መስመር እንዲጽፍ ለመነ። ፖሊሶቹ መርማሪዋን አዩ፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቆሞ እንዳለ ጻፈ፦ «ስነ ስርአት፦ ሥነ ሥርዓት የሚለውን ተመልከት።» ምክትሉ ቀረብ ብሎ እንደ ልማዱ ፈለገ። መመሪያው ወጣ። አተመውና መምህርቷ እንድትሰማው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«‹ማንኛውም ተማሪ፣ ራሱና አሳዳጊው በአካል ቀርበው ሳይሰሙ...›»

እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ። ሁሉም ወደ አሳዳጊው ዞሩ። ካቴናው እጁ ላይ ገብቶ ነበር።

መምህርቷ ተነስታ ወደ መጠገኛው ክፍል ሄደች፤ ሹራቡን ከወንበሩ ላይ አንስታ ተመለሰች። ወረቀቱን በውስጡ ጠቅልላ በግራ ብብቷ ያዘችው።

«ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለችው።

ቤቱን በሙሉ ዝም ሲያሰኝ የኖረው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።