ከቦይለሯ የሚጎድለው ውሃ

ሰው ስለ ጂን ሲያወራ «ደክሞሃል፣ ሂድና ተኛ» ብዬ የማሾፍ ነበርኩ፣ ሥራዬ ከእሳትና ከብረት ጋር ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ አልነበረኝም። ይህን ግን በራሴ ላይ ስለደረሰ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጅማ አካባቢ፣ ሸቤ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ግቢ፣ ዝናብ አላደርቅ ያለውን ቡና በእንፋሎት ሙቀት እናደርቅ ነበር። እንፋሎቱ የሚመጣው ከአንዲት ትንሽ ቦይለር ነው፣ እሳቷን የማነደው እኔ ነኝ። ውሃዋ የት እንደደረሰ ከጎኗ ባለው የመስታወት ቱቦ ይታያል፣ ከታሰረው ቀይ ክር በታች ከወረደ ግን እግሬ አውጪኝ ነው፣ በጋለ ባዶ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከለቀቁባት ፈንድታ ግቢውን ይዛ ትሄዳለች።

አብረውኝ አባ ነጃ የሚባሉ ሽማግሌ ይሠሩ ነበር። ለአሱር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ሲታጠቡ ከቦይለሯ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ይቀዳሉ፣ ወዲያውም ያንኑ ያህል ይመልሱባታል።

«የወሰድከውን መልስ ልጄ፣ እሷም ትጠማለች» ይሉኝ ነበር።

አንድ ዓመት የቡና ለቀማው ሳይጀመር ታመው ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ማንቆርቆሪያቸውን ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አላነሳሁትም።

ለቀማው ደርሶ ቦይለሯን ካነደድኩ ወዲህ በየቀኑ አሱር ሲደርስ ውሃው እንፋሎት ከሚሆነው በላይ ይጎድል ጀመር። እመኑኝ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ዳሰስኩ፣ ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፣ አንዲት ጠብታ የለም። እኔ ስሞላ እሷ ስትጎድል ሰለቸኝ። ኃላፊያችን ጓድ ወርቁ መጥቶ መስታወቱን አየና፣

«ውሃው እግር አውጥቶ ሄደ ልትለኝ ነው ታደሰ?» አለኝ።

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ጓድ።»

«ቡናው ቢበላሽ በአሻጥር ነው የምትጠየቀው፣ ከወዲሁ ልንገርህ።»

በአሻጥር ተይዞ የተመለሰ ሰው አላውቅም፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ድካም አሸንፎኝ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በውሃ ድምፅ ነው፣ ሰው ሲታጠብ የሚሰማው ዓይነት፣ ከዚያም አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ስል መስታወቱ ባዶ ነው፣ እሳቱም ይንበለበላል። ጓድ ወርቁ ሳይደርስ ልሙላት ብዬ፣ ማድረግ የሌለብኝን እያወቅሁ፣ የቀዝቃዛውን ውሃ ቧንቧ ያዝኩ። ልከፍተው ስል ከጆሮዬ ሥር «ቱሪ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በኦሮምኛ ቆይ ማለት ነው፣ እርጥብ እጅም እጄን ጨበጠኝ። ዞር ስል ማንም የለም።

ቧንቧውን ትቼ ፍሙን በአካፋ እየዛቅሁ ዝናቡ ላይ ጣልኩት። አካፋውን አስቀምጬ ዞር ስል ነው ያየሁት፣ ማንቆርቆሪያው ከሚስማሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ስነካው ሞቅ ይላል፣ ከአጠገቡም የባዶ እግር እርጥብ ዱካ ተነስቶ ግድግዳው ጋ ያልቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአሱር በፊት ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ከቦይለሯ አጠገብ አኖር ጀመር። እንፋሎት ከሚሆነው ሌላ ከእሷ ጠብታ አልጎደለም፣ ማንቆርቆሪያው ግን ባዶውን ይገኛል። ቡናው ደረቀ፣ እኔም ሳልያዝ ቀረሁ።

ዛሬ የምኖረው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ነው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዤው መጥቻለሁ፣ የአሱር አዛን ስሰማ ሞልቼ በር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ማታ ባዶውን አነሳዋለሁ። እጄን የያዙት አባ ነጃ ከሆኑ፣ ቦይለሯ ባዶ እስክትሆን ድረስ የቀዳባት ማን ነው እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። ባለፈው ሰሞን ታምሜ ሳልሞላው አደርኩ፣ ጠዋት ስነሳ ከራስጌዬ የነበረው የመጠጥ ውሃዬ አልቋል፣ የአልጋዬም ጠርዝ እርጥብ ነበር። በጣም ደክሞኛል፣ ዛሬም ግን ሞልቼዋለሁ።