የጭራው ትንሽ ምላስ

የአብራሪው ሬሳ ሲወጣ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን መሬት ቀብራ፣ ጭራዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ ነበር። መርማሪዋን ያስጠሯት የሟቹ አባት፣ የዎርክሾፑ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ሰው «ወስፌ» ይላታል፤ የማትበሳው የለማ!

«ልጄን የገደለው ያ የአውሮፕላኗ ነዳፊ ነው» አሏት። «ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ጭራ ፊቱ ቆሞ ኋላው ብቻ ነው የሚታጠፈው። እሱ ሙሉውን ካላንቀሳቀስኩ አለ። አሳስሪልኝ!»

«ቀስ ይበሉ አባባ፤ መጀመሪያ ልይ።»

ነዳፊው ለጋ ወጣት ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሙሉው ሲንቀሳቀስ ምን ይጠቅማል?»

«በትንሽ ጉልበት አፍንጫዋ ብድግ ይላል። ክፋቱ መሪው ከመጠን በላይ ይቀላል። ስለዚህ የኋላ ጠርዙ ላይ ምላስ የምንላት ትንሽ ተንቀሳቃሽ ብረት አለች፤ ጭራው ወደሄደበት አብራ ሄዳ መሪውን ታከብዳለች።»

«በድሮው ጭራስ?»

«በተቃራኒው ትሄዳለች። እዚያ መሪው ከባድ ስለሆነ ታቀልለታለች።»

የዎርክሾፑን ባለቤት ጠየቀችው።

«ሟቹ በሬዲዮ መጨረሻ ምን አለ?»

«‹መሪው ላባ ሆነብኝ።› ከዚያ ዝም።»

«ሳይነሳ ጭራውን አልፈተሸም?»

«‹አባቴ ያሰረውን ልፈትሽ? ነውር ነው!› ብሎ ሳቀብኝ።»

ለባለቤቱ፣ ለነዳፊውና ለሽማግሌው፣ ለሦስቱም ብሎንና ብሎኑ እንዳይፈታ የሚገመድ ሽቦ ሰጥታ እንዲያስሩ ጠየቀች።

«ሹሩባ ልታሠሪን ነው?» አለ ባለቤቱ፤ ወደ ቀኝ ገመደ። ነዳፊው ጣቱን ወግቶ ተወው። ሽማግሌው ሳያዩ፣ ወደ ግራ፣ ጥብቅ አድርገው ቋጩት።

በማግስቱ ጠዋት ዎርክሾፑ ውስጥ፣ ስብርባሪው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«የምላሷ ዘንግ የሚታሰርበት ብረት ከድሮው ጭራ ተወስዶ አንድ ቀዳዳ የተጨመረበት ነው፤ አሁን ሁለት አለው። ላይኛው ለአዲሱ፣ ታችኛው ለድሮው። ንድፉ ላይኛውን ይላል። የታሰረው ታችኛው ላይ ነው። ስለዚህ ምላሷ በተቃራኒው ሄዳ፣ ቀላሉን መሪ ጭራሽ ላባ አደረገችው።»

«አላልኩሽም! ፈትቶ ቀይሮታል!» ሽማግሌው የነዳፊውን አንገት አነቁ።

«ይልቀቁት አባባ። የላይኛው ቀዳዳ ቀለም አልተላጠም፤ ብሎን ገብቶበት አያውቅም። የቀየረ ሰው የለም፤ ከመጀመሪያው እንዲሁ ነው የታሰረው። ሽቦው ደግሞ ወደ ግራ ተገምዷል።» ድምጿ ወረደ። «እጅዎ የለመደውን አሰረ።»

ጣቶቻቸው ከነዳፊው አንገት ላይ አንድ በአንድ ተላቀቁ።

«ንድፉን አልገለጥኩትም» አሉ። «ትናንት የመጣ ልጅ ምን ያስተምረኛል ብዬ...»

ነዳፊው አንገቱን እያሻሸ ወደ ኋላ ሸሸ። ከደጅ የሽማግሌው ሚስት ድምፅ መጣ፦

«አንተ ሰውዬ፣ የልጄ ገዳይ ተገኘ?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ያዙ፤ መክፈት ግን አቃታቸው።