የመዝጋቢዋ ነጭ ስክሪን

በቄራ ግቢ ውስጥ ደም ማንንም አያስደነግጥም። በዚያ ዕለት ግን ዕድሜያቸውን ቢላ ሲይዙ የኖሩ አርባ ወንዶች ከአንዲት ጠባብ ቢሮ በር ላይ ተኮልኩለው፣ ወለሉን ማየት አቅቷቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። ወለሉ ላይ የተዘረጋችው የከብት ጤና ሰርተፍኬት መዝጋቢዋ ናት። ራሷን አራት ጊዜ ተመትታለች። የገደላት የመጀመሪያው ምት ነው፤ የቀሩት ሦስቱ የፍርሃት ትርፍ ነበሩ። ከትከሻዋ አጠገብ አንድ ክንድ የሚያህል የቢላ ሞረድ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ጠጉር ተጣብቆበታል።

ኢንስፔክተሯ ሰባት ሰዓት ላይ ስትደርስ ጉዳዩ ተዘግቶ ጠበቃት። የዘጋው ሃምሳ አለቃው ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ በራሱ የሚተማመን ሰው።

«በከንቱ ደከሙ ኢንስፔክተር» አላት። «የገዛ ወንድሟ ነው፤ የአራጆቹ አለቃ። አምኖ ፈርሟል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«ለማመን ምን ያህል ፈጀበት?»

«ግማሽ ሰዓት አልሞላም።»

«አንደበተ ርቱዕ ነህ ማለት ነው» አለችና እጁን አየች። የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠዋል። ሃምሳ አለቃው እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

ሰውዬው የታሰረው በአራጆቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ፊቱ አባብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ያለቦታቸው ዞረዋል። አጠገቡ ያለው የቁም ሣጥን መሳቢያ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ኢንስፔክተሯ መሳቢያውን አየች፤ ጣቶቹን አየች። ይህ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንን ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት ከቆመ የሚጠብቀው ገመድ ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ማስረጃህን ንገረኝ።»

«ሞረዱ የሱ ነው፤ ሁሌም ከቢሮዋ በር ኋላ ይሰቅለዋል። ትናንት ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ ራስሽን እሰብረዋለሁ ብሏታል። አምስት ሰዓት ከአስር ላይ ሰው ሲገባ ሬሳዋን አቅፎ ተገኘ። የግቢው የእንስሳት ዶክተር ደግሞ ለአምስት አምስት ጉዳይ ላይ በሕይወት አይቷታል። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ወንድሟ ብቻ ነው። ምን ቀረ?»

«እኔ ገና አላየሁም፤ የቀረው እሱ ነው።»

ወደ ቢሮው ተመለሰች። ዝቅ ብላ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ ጠረጴዛውን እንደ መጽሐፍ አነበበችው። እስክሪብቶውም፣ ስልኩም፣ የሻይ ብርጭቆውም በግራ በኩል ናቸው። የኮምፒውተሩ ማውዝ ግን በቀኝ ነው። ደሙ ጠረጴዛውን ሙሉ ረጭቶታል። በግራ በኩል፣ ከፍንጣቂው መሃል፣ እንቁላል የምታህል ንጹሕ ቦታ አለች። የማውዙ ገመድ የደረቀውን ደም አቋርጦ ተጋድሟል።

ስክሪኑ በርቷል። ነጭ ነው፤ መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች።

«ይቺ ክብ ናት ያሳበደቻት» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጹ አልከፈት እያላት ስትራገም ነበር አሉ። ዛሬም እሱኑ ስትጠብቅ ነው የመታት።»

«አውቃታለሁ፤ እኔም ቢሮ እህት አላት» አለች ኢንስፔክተሯና ወጣች።

የእንስሳት ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ በረንዳው ላይ ቆሟል። በዚያ ግቢ ውስጥ ነጠብጣብ ያላረፈበት ጋዋን የሱ ብቻ ነበር።

«መቼ አዩዋት ዶክተር?»

«ለአምስት አምስት ጉዳይ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል። ስክሪኑ እንደልማዱ ነጭ ሆኖባት ትነጫነጭ ነበር። ‹ዛሬም አልከፈት አለኝ ዶክተር፣ ወንድሜ ሊጮህብኝ ነው› አለችኝ። ምስኪን!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እስክትገኝ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነበርኩ። ይጠይቁት።»

«አራት ሰዓት አካባቢስ?»

«በረት ውስጥ ከብት እየመረመርኩ። ብቻዬን። መቼም ከብት አይመሰክርልኝም።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ቢመሰክር ኖሮ ይህ ግቢ ሥራ ይፈታ ነበር።»

ዶክተሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተመልሳ የታሰረው ሰው ፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ለምን ፈረሙ?»

ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ተፋና ደህናውን ዓይኑን አነሳ። «ትናንት ያልኳትን ነግረውዎታል? ሰርተፍኬቱ ካልወጣ ከብቱ አይታረድም። አርባ ሰው ቢላ ይዞ ቆሟል፣ ያ ማሽን ደግሞ ይሽከረከራል። ‹አንድ ቀን እሱኑ ራስሽ ላይ እሰብረዋለሁ› አልኳት። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳት፤ እናታችንን አታውቃትም። የመጨረሻው ቃሌ ይኼ ከሆነ፣ አልገደልኩም ብዬ ብሟገት ማንን አስነሳለሁ?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እርድ መስመሩ ላይ። ቆራጩ እኔ ነኝ፤ እኔ ካቆምኩ ሁሉም ይቆማል።»

«ቆመው ነበር?»

«ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከአምስት፣ አንዴም። ዛሬስ ጉድ ነው፤ ወረቀቱ በላይ በላዩ ወረደልን። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የመጣው ብቻ ለቀኑ ይበቃ ነበር። ዕረፍት ሲሆን…» የታሰሩ እጆቹን አየ። «ይቅር በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት።»

ኢንስፔክተሯ ብድግ አለች። በነጭ ስክሪን ወረቀት አይወርድም።

«ያንን ኮምፒውተር ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ስልኬን እንኳ እሷ ናት የምትደውልልኝ።»

«ዛሬ ማሽኑን ያየላት ሰው አለ?»

«ሽቦ ጠዋት ግቢ ውስጥ ነበር።»

ሽቦ የሚሉት ኮምፒውተር ጠጋኙን ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፤ ጎልማሳው ሰው ከጎን ሲታይ የለም ማለት ይቻላል። ከበሩ ውጪ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅስ ነበር።

«ዛሬ ምን ሠራህላት?»

«መጀመሪያ ያንን ድረ ገጽ የምትከፍትበትን አሮጌ ብሮውዘር ለማዳን ሞከርኩ እትዬ። የተጠራቀመበትን ቆሻሻ ጠረግሁ፣ አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ወይ ፍንክች! ላድሰው ብል ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲሱን አይቀበልም። የሰርተፍኬቱ ድረ ገጽ ግን ታድሷል። የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ በድሮው ቁልፍ መታገል ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ብሮውዘር እንምረጥ አልኳት።»

«መረጣችሁ?»

«ሦስት አሳየኋት። አንደኛው ፈጣን ነው፣ ግን ሆዳም ነው፤ የማሽኑን ጉልበት ብቻውን ጨረሰው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሲከለክል የሰርተፍኬቱንም ቁልፍ አብሮ ከለከለባት። ሦስተኛውን ስሙንም ሰምታው አታውቅም፤ ቀላል ነው፣ ገጹን ባንዴ ወለል አድርጎ ከፈተው። ‹ጭምቱ ነው ባል የሚሆነው› ብላ ሳቀች።» በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ። «የድሮውን ላጥፋው ስላት፣ ‹አዲሱ አመል ካመጣብኝስ? እስከ ዓርብ ይቆይ› አለች። ስለዚህ የድሮው እዚያው ቦታው ላይ ቀረ። የአዲሱን ምልክት ከስክሪኑ ግርጌ አስቀመጥኩላት። ሦስት ሰዓት ላይ ጨርሼ ወጣሁ።»

«ና፣ አንድ ነገር አንብብልኝ።»

ጓንት አልብሳ ወደ ቢሮው አስገባችው። ሁለቱም ብሮውዘሮች ምን ገጽ በስንት ሰዓት እንደተከፈተ መዝግበው ይዘዋል። ሽቦ በሹክሹክታ እያነበበ እሷ ጻፈች። ከአዲሱ ብሮውዘር አንድ ረጅም ዝርዝር በወረቀት አስወጣችና አጥፋ ያዘች። ሃምሳ አለቃው አንገቱን አሰገገ። ደብተሯን ዘጋችበት።

«ስንት ካቴና ይዛችኋል?» አለችው።

«አንድ። እሱም ወንድሟ እጅ ላይ ነው።»

«ሌላ ሁለት አስመጣ።»

«ሁለት? ገዳዮቹ ሁለት ናቸው እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ የታጠፈውን ዝርዝር ኪሷ ከትታ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም በእርድ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው፤ ሥራ አስኪያጁን፣ ዶክተሩን፣ ሽቦን፣ አርባዎቹን አራጆች። የአራጆቹ አለቃ በሁለት ፖሊሶች ተደግፎ መጣ። መንጠቆዎቹ ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል። በጠረጴዛዎቹ ላይ ቢላዎቹ ሳይታጠቡ እንደተተዉ ናቸው።

«ስለ አንዲት ማውዝ ልንገራችሁ» ብላ ጀመረች። «ሟቿ ግራኝ ነበረች። ማውዟ በግራ ነበረች፤ ደሙ ሲረጭ ማውዟ ያረፈችበት ቦታ ንጹሕ ቀርቷል። እኛ ግን ያገኘናት በቀኝ ነው፣ ገመዷም ደሙ ላይ ተኝቷል። እንግዲህ መዝጋቢዋ ከተመታች በኋላ፣ ሬሳው እግሩ ሥር ወድቆ፣ አንድ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ሠርቶበታል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው።»

ኢንስፔክተሯ የደብተሯን ገጽ ገለበጠች።

«ሁለተኛ፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ሽቦ አዲስ ብሮውዘር ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ ነጭ ስክሪን አላየችም። ወረቀቱ እንደ ጉድ የወረደላችሁ ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የሰርተፍኬቶቹን ጠቅላላ ዝርዝር ከፈተች። ድሮ ሁለት መስመር አሳይቶ ነጭ የሚሆንባት ገጽ ዛሬ እስከ መጨረሻው ተከፈተላት። እዚያ ውስጥ ምን አየች? ከወር በፊት እሷ ሆስፒታል በተኛችባት ሳምንት በስሟ የወጡ ስልሳ ሁለት ሰርተፍኬቶች። ‹ከብቶቹ ጤነኛ ናቸው› የሚሉ።»

ሥራ አስኪያጁ «ስልሳ ሁለት!» ብሎ አፉን ያዘ።

«አተመችው፤ ብሮውዘሩን ዘጋች፤ ሰርተፍኬቶቹን ያወጣውንም ሰው ጠራችው። ወረቀቱን ስታሳየው ከበሩ ኋላ ሞረዱን አነሳ። ከዚያ ወረቀቱን ነጠቀና ዝርዝሩን ከማሽኑ ሊያጠፋ ተቀመጠ። እሷ በታመመችባት ሳምንት በዚያ ወንበር፣ በእሷ ፓስወርድ፣ በዚያ አሮጌ ብሮውዘር ሠርቷል። እጁ የለመደውን ምልክት ተጫነ። አራት ሰዓት ከስድስት ነበር። ገጹ ነጭ ሆነ። ስድስት ጊዜ ሞከረ፤ ስድስቴም ነጭ። ተስፋ ቆርጦ ወጣ። ብሮውዘሩ መቀየሩን የሚያውቁት እሷና ሽቦ ብቻ ነበሩ። ሽቦ ደግሞ ያንን አሮጌ ነገር በሬሳ ፊት ቀርቶ በሠርጉ ቀንም አይከፍተውም።»

ወደ ነጩ ጋዋን ዞረች።

«ዶክተር፣ ሰርተፍኬት ላይ እሷ ትመዘግባለች፣ እርስዎ ያጸድቃሉ። እነዚያ ስልሳ ሁለቱ በስንት ሰዓት ነው የጸደቁት? በተመዘገቡበት ደቂቃ፤ ከብት ሳይመረመር። መመዝገቡንም ማጽደቁንም አንድ ሰው፣ ባንድ ወንበር ሠራው። እርስዎ ደግሞ ለአምስት አምስት ጉዳይ ላይ ስክሪኑ ነጭ ሆኖባት ስትነጫነጭ አየኋት አሉኝ። ሟች ከሞተች ሃምሳ ደቂቃ ሆኗታል። ስክሪኑ ነጭ መሆኑን ያወቁት ነጭ አድርገው የተዉት እርስዎ ስለሆኑ ነው! አራት ሰዓት ላይ ደግሞ አለቃው አርባ ሰው እያየው መስመር ላይ ነበር። ጋዋንዎንም ቢሆን ዛሬ ብቻ ነው እንዲህ ንጹሕ ያየነው ይላሉ አራጆቹ፤ የጠዋቱን የት አደረጉት?»

ዶክተሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቀጥሎ የሆነው ዓይን እስኪርገበገብ አልቆየም። ከጠረጴዛው አጥንት መለያ ቢላ አንስቶ ሽቦን በጠጉሩ ጎትቶ ጉሮሮው ላይ ደገነበት። «ማንም እንዳይጠጋኝ!» ቢላው ቆዳውን ሰንጥቆ ደም ወደ ሽቦ ሸሚዝ ወረደ። ፖሊሶቹ ደርቀው ቀሩ።

የአራጆቹ አለቃ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የሚራገጥ ኮርማ ሲጥል የኖረ ሰው ነው። ከኋላው ደርሶ በካቴና የታሰሩትን ሁለት እጆቹን በዶክተሩ ራስ ላይ አጥልቆ ወደ ኋላ አንገቱን አነቀው። ቢላው ክንዱን ዘለዘለው፤ አልለቀቀም። ዶክተሩ ወለሉ ላይ በግንባሩ ሲተከል ጥርሱ ሲረግፍ ተሰማ። ቢላው ተንሸራቶ አለቃው ግራ እጅ ሥር ደረሰ። አነሳውና የዶክተሩን አገጭ ወደ ላይ ቀና አደረገ፤ በየቀኑ መቶ ጊዜ እንደሚያደርገው።

«በለው!» አለ አንድ አራጅ።

«ጋሼ» አለች ኢንስፔክተሯ በቀስታ። «ያቺ የፈረሙባት ወረቀት ውሸት እንደሆነች ትቅር።»

አለቃው የዶክተሩን ጉሮሮ አየ፤ ኢንስፔክተሯን አየ። ከዚያ ቢላውን ወረወረው። «እኔ ከብት ነው የማርደው» አለና የዶክተሩን ራስ ለቀቀው።

ኢንስፔክተሯ የመጀመሪያውን ካቴና ዶክተሩ እጅ ላይ ቆለፈች። የአለቃውን ፈታችለት። ከዚያ ሁለተኛውን ይዛ ሃምሳ አለቃው ፊት ቆመች።

«እጅህን።»

«ምን? የኔን?» ሳቅ አይሉት ቁጣ ፊቱ ላይ ተጋጨ። «ኢንስፔክተር፣ እሱ እኮ ፈርሟል!»

«ባልሠራው ፈረመ። አንተ ደግሞ በሠራኸው ትፈርማለህ፤ መሳቢያውንም ጣቶቹንም አይቻለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ካቴናው ከተላጡት አንጓዎች በላይ ተቆለፈ።

አለቃው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጦ የተሰበሩ ጣቶቹን ታቅፏል። ሽቦ በመሐረብ ጉሮሮውን ይዞ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ሽቦ፣ ልጠይቅህ» አለ አለቃው። «ሦስት ሳምንት ታግሳ ዛሬ ለምን ጠራችህ?»

ሽቦ መሬት መሬቱን አየ። መዋሸት ፈልጎ ነበር፤ አልቻለበትም።

«‹ዛሬ ወንድሜ አይጮህም› እያለች ነበር ጋሼ። ወረቀቱ ሲወርድልህ ደስ ብሎህ እንድትመጣ ነበር የምትጠብቀው።»

ያን ጊዜ ነው የአራጆቹ አለቃ፣ ሲደበደብም ያላሰማውን ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው። አርባዎቹ ሰዎች ቆባቸውን አወለቁ። መስመሩ በዚያ ቀን ተመልሶ አልተነሳም።