ከጭፈራ ቤቱ አብራ የወጣችው

መብራቱ ሄደ አይደል? ይሂድ። ካርታችሁን ሰብስቡ፤ በጨለማ ካርታ የሚጫወት ሌባ ብቻ ነው። ሻማውንም ለቤት ውስጥ ሰዎች ስጧቸው፣ እኛ ለወሬ ብርሃን አያስፈልገንም። እኔ እንደሆንኩ ድንኳን ውስጥ ማደር ሰልችቶኛል። ወገቤ ደርቋል፣ እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ዝም ብለው ካደሩ ሌሊቱ አያልቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ላውራችሁ። ጠጋ በሉ። የተኛውን አትቀስቅሱት፣ እሱ የታደለ ነው።

ሰዓቱ ልክ እንዲህ ያለ ሰዓት ነው። ዶሮ ገና ያልጮኸበት፣ ሰካራም እንኳ ቤቱ የገባበት ሰዓት። መንገዱ ደግሞ ከከተማ ጫፍ ካለ አሮጌ ዱቄት ፋብሪካ ተነስቶ ወደ ላይ ሰፈር የሚወጣ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ነው። ቤት የለበትም። መብራት የለበትም። የከተማዋን ስም አትጠይቁኝ። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ፣ ኋላ መሄድ ትፈራላችሁ።

እዚያ ከተማ አጥናፉ የሚባል አናጢ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ታናሽ ወንድም አለው፣ በእምነት ይባላል። አባት የላቸውም። እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ታመሙ። ሐኪሙ አያቸው፣ አያቸውና፣ "ቤት ውሰዷቸው፣ የሚወዱትን አድርጉላቸው" አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት።

አጥናፉ ቀን እንጨት ይልጋል፣ ሌሊት እናቱን ያስታምማል። ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ያጥባል፣ በማንኪያ ያጠጣል። ጎናቸው እንዳይቆስል እያዞረ ያስተኛል። ከዚያ ትንሽ ጋደም ሊል ሲል ማቃሰት ይጀምራሉ። እንደገና ይነሳል። የደከመ አስታማሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆሞ ይተኛል። እያወራችሁት ይተኛል። አጥናፉ እንዲያ ሆኖ ነበር። ከሁለቱ በሽተኛው የትኛው እንደሆነ ሰው እስኪጠፋው ድረስ።

በእምነትስ? በእምነት ክፉ ልጅ አልነበረም። በዚህ አትፍረዱበት። የእናቱን ማቃሰት መስማት አቃተው። ልጅ ነው፣ ፈራ። ፈርቶስ የት ሄደ? ያ ዱቄት ፋብሪካ ተዘግቶ ከርሞ የሆነ ሰው ተከራይቶት ጭፈራ ቤት ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሬቭ ነው። ሬቭ ታውቃላችሁ? እናንተ ልጆች ታውቃላችሁ፣ ለሽማግሌዎቹ ነው የምናገረው። ጭፈራ ነው፣ ግን ዘፋኝ የለውም። ግጥም የለውም። ሀርድኮር ይሉታል። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ ብቻ። ሰው ልቡ እንዲህ ቢመታ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወስዱታል። እዚያ ግን አምሽተው እስኪነጋ ይዘሉበታል። በእምነትም ይዘላል። ለምን? እዚያ ውስጥ ማቃሰት አይሰማም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ገለጡና፣ "ያ ልጅ የታለ?" አሉ።

"ይመጣል እማዬ" አለ አጥናፉ።

"ፊቱን ልየውና ልሂድ" አሉ።

አጥናፉ ምን ያድርግ? ጎረቤታቸውን እትዬ ፋንታዬን ቀሰቀሰ። "እናቴን ይጠብቁልኝ፣ ልጁን ይዤ ልምጣ" አላቸው። ጋቢውን ደረበና ብቻውን ወረደ። እናቱ ሳትሄድ ልጁን ላምጣላት፣ ሐሳቡ ይህ ነው። ሌላ ሐሳብ የለውም።

ጭፈራ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አየው። ጋቢ ለብሷል፣ ሰጋቱራ ጸጉሩ ላይ አለ።

"ጋሼ፣ ተሳስተው ነው?"

"ወንድሜን ልጠራ ነው።"

"ይግቡ፤ ግን ቢጠሩትም አይሰማዎትም።"

ገባ። መጀመሪያ የመታው ሙቀቱ ነው፣ ቀጥሎ ድምፁ። ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚገባው፣ በደረት ነው። ጭሱ ሰውን ውጦታል። መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ብልጭ ሲል እጅ ታያለህ፣ ይጠፋል። ብልጭ ሲል የተከፈተ አፍ ታያለህ፣ ይጠፋል። ሙሉ ሰው አይታይም። አጥናፉ በየብልጭታው ፊት ይፈልጋል። ይኼ አይደለም። ይኼም አይደለም። ወጣቶቹ ይገፉታል፣ "ሶሪ ጋሼ" ይሉታል፣ ላባቸው ይነካዋል። እሱ እንደሆነ እንቅልፉ መጥቷል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንቅልፉ መጣ! እንዲህ ነበር የደከመው።

ድምፅ ማጉያው ጋ ሲደርስ አንዲት ልጅ አየ። ግንባሯን ማጉያው ላይ ደግፋ ቆማለች። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር ሌላው ሁሉ ቦታ ቀይሯል፤ እሷ እዚያው ናት። አትዘልም። አትወዛወዝም። የሚዘለው ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ትቶላታል፣ ማንም አይገፋትም። አጥናፉ አዘነላት። የደከመው ሰው የደከመውን ያውቃል። በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ልማድ ነውና፣ "አይዞሽ እህቴ" አላት። በዚያ ጩኸት ውስጥ እሱ ራሱ ድምፁን አልሰማም።

እሷስ ሰምታው ይሆን? እኔ ምን አውቃለሁ።

በእምነትን መሃል ላይ አገኘው። ዓይኑን ጨፍኖ ይዘላል። ክንዱን ያዘው።

"እማዬ ጠራችህ!"

"ምን?"

"እማዬ!"

ልጁ አልሰማም፤ ግን ብልጭ ሲል የወንድሙን ፊት አየ። ያን ፊት ሲያይ ገባው። መዝለሉን ተወ። በዚያ ሁሉ ዘላይ መሃል ወንድማማቾቹ ቆመው ተያዩ። በእምነት አለቀሰ፣ ላቡ ይሁን እንባው አይለይም። ከዚያ ተከተለው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ከፍቶ አሳለፋቸው። አሳልፏቸውም ወዲያው አልዘጋውም። ከኋላቸው የሚወጣ ሰው እስኪያልፍ በሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ ዘጋው።

እንግዲህ መንገዱን ነግሬያችኋለሁ። ባህር ዛፍ፣ ጨለማ፣ ዳገት። ከፋብሪካው ራቁ። ዱብ ዱብ ዱብ ግን አልራቀም።

"አሁንም ይሰማሃል?" አለ አጥናፉ።

"ጆሯችን ውስጥ ነው" አለ በእምነት። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቆይቶ ይለቃል።"

ሄዱ። ቆየ። አልለቀቀም።

አጥናፉ ዞር አለ። ከወንድሙ ጎን አንዲት ልጅ ትሄዳለች፤ ፊቷ በጨለማው አይለይም። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ሲጨፍሩ ያመሹ ሴቶች እግራቸውን ሲያማቸው ጫማ ያወልቃሉ። ስለዚህ ኮቴዋ አለመሰማቱ አልገረመውም። ገረመው የምላችሁ ሌላ ነው። "እናቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆና የሴት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል!" አለ በልቡ። ተናደደ። ግን ምን ይበል? ልጅቷ ትሰማለች። እሷው ፊት እንዴት "ይቺ ማን ናት?" ይባላል? ነውር ነው። ይሉኝታ ያዘው፤ ዝም አለ።

በእምነትስ? በእምነትም ልጅቷን አይቷታል። ቀና ባለ ቁጥር ከወንድሙ ኋላ አለች። "ወንድሜ ብቻውን ሲያቅተው የምታግዘው ሴት ፈልጎ ነው" አለ በልቡ። "እኔ ጥዬው ስሸሽ ባዕድ እያገዘው።" አፈረ። የሸሸ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አንገቱን ደፋ፤ ዝም አለ።

አያችሁ? ሁለቱም አዩ። ሁለቱም ዝም አሉ። ከዝምታቸው መሃል እሷ ትሄዳለች።

ሰፈር ደረሱ። በዚያ ሰፈር ውሻ ሞልቷል፤ እንኳን በሌሊት በቀንም የሚያሳልፍ አይደለም። ያን ሌሊት አንዱም አልጮኸም። ወንድማማቾቹ፣ "እሰይ፣ እማዬን አይረብሹብንም" አሉ። ደስ አላቸው። ሞኞች!

የግቢያቸው በር ላይ ልጅቷ ቆመች። ገፍታ አልገባችም። ቆማ ጠበቀች። አጥናፉ ተናዶም ቢሆን ያደገው በሥርዓት ነው። እኛ ደጃችን ላይ የቆመ ሰው ስናይ ምን እንላለን? "ግቡ" እንላለን። "እንብላ" እንላለን። "መሽቷል፣ እዚሁ እደሩ" እንላለን። ሌላውስ ምን ይላል? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልሂድ" ይላል። ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲህ ተባብለን ተከባብረን እንለያያለን። አጥናፉም እንደዚያው፣ በልቡ እንድትሄድ እየለመነ፣

"ግቢ እንጂ እህቴ፣ ምን ትቆሚያለሽ? መሽቷል፣ እዚሁ እደሪ" አላት።

"እሺ" አለች። "ደክሞኛል።"

ገባች።

እትዬ ፋንታዬ በር ከፈቱላቸው። "አሁን ገና ሸለብ አድርጓቸዋል" አሉ። ልጅቷን አዩና፣ "እንግዳም ይዛችኋል፣ ደግ አደረጋችሁ" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጅቷ ወግ ታውቃለች። አልተቀመጠችም። እንደ ማንኛውም ጠያቂ በቀጥታ ወደ በሽተኛዋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። መጋረጃው ተመለሰ።

ወንድማማቾቹ ሳሎን ቆሙ። በእምነት ላቡን አብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ እናቱ ፊት ሊቀርብ ነው። ውሃ እየነካ በቀስታ፣

"ነርስ ናት?" አለ።

"ማን?"

"አብራህ የመጣችው።"

አጥናፉ የያዘው ጆግ ከእጁ አልወደቀም። ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

"ካንተ ጋር አይደለችም እንዴ?" አለ።

ያኔ ነው የሰሙት። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ። ጆሯቸው ውስጥ አልነበረም። ከመጋረጃው ኋላ ነው የሚመጣው። የእናታቸው አልጋ ነው ግድግዳውን የሚመታው።

በእምነት መጋረጃውን ገፈፈው። ወይዘሮ አስካለ ተቀምጠዋል። ስንት ጊዜ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ያቃታቸው ሴት፣ አጥናፉ ካላነሳቸው የማይነሱት ሴት፣ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ወልቋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይዘላሉ! ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ቆማ ትመለከታቸዋለች፤ እሷ አትነቃነቅም። እሷማ እያረፈች ነው። ደክሞኛል አላለችም?

"እማዬ!" አለ በእምነት። "እማዬ፣ መጣሁልሽ! እኔ ነኝ!"

ተንበረከከ። እጃቸውን ያዘ። ፊታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሊያዞር ሞከረ። አጥናፉም ትከሻቸውን ይዞ ሊያስተኛቸው ታገለ፤ ያን የአጥንት ትከሻ ጉልበተኛው አናጢ ማቆም አቃተው። ዓይናቸው ተከፍቷል። ልጅቷን ነው የሚያዩት። ልጃቸው "እማዬ፣ እዪኝ" ይላል። "አንዴ ብቻ እዪኝ" ይላል። አላዩትም።

ጎህ ሲቀድ ድምፁ ቆመ። ወይዘሮ አስካለ ጋደም አሉ። አለቀ።

አጥናፉ በሰዓቱ አድርሶት ነበር እኮ። ከደጅ ብቻውን አስገብቶት ቢሆን ኖሮ እናቱ ያዩት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሽበት በሽበት ሆኖ ነው፣ ግን እንደ ትናንት ነው የሚያለቅሰው።

ልጅቷስ? አትሉኝም? ስትወጣ ያያት የለም። ግን በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ጎረቤት መጣ፣ ዕድርተኛ መጣ፣ የሩቅ ዘመድ መጣ። አጥናፉ በእንባው መሃል ቀና ሲል እሷን ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጣ አያት። ጮኸ። ሰው ሐዘን አናቱ ላይ ወጣ ብሎ ያዘው። እንደገና ሲያይ የለችም። ማንም አልጠየቃትም። ለቅሶ ቤት "የማን ነሽ?" የሚል ማን አለ? የሟች ወገን የጎረቤት ይመስለዋል፣ ጎረቤቱ የሟች ወገን ይመስለዋል።

ሌሎች ሽማግሌዎች በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ ይሏችኋል። እኔ እንደዚያ አልልም። ከሰው ጋር ስትሄዱ ጠይቁ ነው የምላችሁ። "ይቺ ካንተ ጋር ናት?" በሉ። ነውር አይደለም። ይሉኝታ ይቅር። ሰው ቢቀየም ይቀየም።

በቃ፣ እኔ ደከመኝ። ጋሽ ወርቅነህ፣ ያንን ትርፍ ጋቢ ለልጅህ ስጣት፤ በሩ አጠገብ ብርድ ላይ ተቀምጣ ዝም ብዬ አላይም።

ምን? ልጅ የለኝም ነው የምትለኝ?

እኔ ማምሻውን ሁሉ ካንተ ጋር መስላኝ ነበር።