ቢጫው ረድፍ

የማውሱ ቀስት ረድፉ ላይ ሲያርፍ ረድፉ ቢጫ ሆነ። ጢኒጥ ጠቅ አደረገች። የተከፈተው ካርድ ግን የሌላ ልጅ ነበር።

ክው አለች። ተመልሳ እንደገና ሞከረች። ቢጫ የሆነው ረድፍ የሰባተኛ ክፍሉ ግብ ጠባቂ ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ። የተከፈተው ካርድ ደግሞ «የማይስማማ መድኃኒት፦ የለም» ይላል። ከላይ የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ፎቶ ፈገግ ብሎ ያያታል።

«መብረቅ፣ ነይማ እዪልኝ!»

መብረቅ ጓደኛዋ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከምላሷ ፍጥነት የተነሳ ነው፤ ጢኒጥን ጢኒጥ ያሰኛት ደግሞ ቁመቷ። ሁለቱ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ለትምህርት ቤቱ ክሊኒክ የተማሪዎች ሰንጠረዥ ሲሠሩ ከርመዋል። ማውስ ያረፈበት ረድፍ ቢጫ ይሆናል፤ ሲነካ የልጁን የጤና ካርድ ይከፍታል። ይህን የሚያሠራውን የጃቫስክሪፕት ኮድ የጻፈችው ጢኒጥ ናት፤ ማስረዳቱ የመብረቅ ድርሻ ነው። ከምሳ በኋላ ርዕሰ መምህሩና የክሊኒኩ ነርስ ሊያዩት ይመጣሉ። ከወደዱት ሁለቱ በኮምፒውተር ውድድር ላይ ትምህርት ቤቱን ወክለው ይወዳደራሉ።

«በክፍል ሲደረደር እኮ ልክ ነበር» አለች መብረቅ ስክሪኑ ላይ አጎንብሳ።

«አዎ። በስም ስደረድረው ነው የሚቀውሰው።»

ስህተቷ ወዲያው ገባት። ካርዱን ያሰረችው ከልጁ ጋር ሳይሆን ረድፉ መጀመሪያ ከቆመበት ቦታ ጋር ነው። ልጆቹ ወንበር ሲቀያየሩ ስማቸው ወንበሩ ላይ እንደቀረ ማለት ነው። ቢጫው ቀለም ግን አያፍርም፤ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስል ቦግ ይላል።

«ታዲያ አስተካክዪዋ!»

«ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ብነካካው ጭራሽ ሊበላሽ ይችላል።»

መብረቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለአፍታ ብቻ። «በቃ በስም አንደረድረውም። ማውሱን እኔ እይዛለሁ፤ ሁለት ሦስት ረድፍ ነክቼ እዘጋዋለሁ።»

«ለኮምፒውተር ቲቸር ሁሉንም ሞክረነዋል ብለሻቸዋል እኮ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ባክሽ አታካብጂ። ማታ ታስተካክዪዋለሽ።»

«ማታ የት? ቤት ኮምፒውተር የለኝ። ይሄ ክፍል ደግሞ ይቆለፋል።»

ጢኒጥ ምሳዋን ሳትነካ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። አባቷ ቧንቧ ባንጠባጠበ ቁጥር «ሳይቃጠል በቅጠል» እያለ መፍቻውን ያነሳል። የእሷ ቧንቧ ግን ማንጠብጠቡን ገና ማንም አላየም፤ ጭንቁም እሱ ነው።

ሰዓቱ ደረሰና ክፍሉ ሞላ። መብረቅ እንደ ስሟ አብረቀረቀች። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በሚታየው ሰንጠረዥ ቀስቱ ወረደ፣ ረድፎቹ ተራ በተራ ቢጫ ሆኑ፣ የነካችው ሁሉ በትክክል ተከፈተ። የኮምፒውተር መምህሩ ከኋላ ቆመው ፈገግ አሉ።

«ቢጫ ማድረጋችሁን ወደድኩት» አሉ ነርሷ፤ ተማሪው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። «መነጽሬን የረሳሁ ቀን ከአንዱ ረድፍ ሌላው ላይ እየዘለልኩ ነው የማነበው። በስምስ ይደረደራል? የታመመ ልጅ ሲመጣብኝ ስሙን እንጂ ክፍሉን የት አውቄ!»

ጢኒጥ ወደ መብረቅ ዞረች።

«ይደረደራል ሲስተር!» አለች መብረቅ ሳትተነፍስ። «ሰዓታችሁን እንዳንሻማ ነው እንጂ...»

ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌላውም ተከተለ።

«እኔማ አምኛችኋለሁ» አሉ ሲስተር ከወንበራቸው እየተነሱ። «ነገ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ለሽርሽር ወደ ሐይቁ ስወስድ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ በዚሁ ነው የምገለገለው። ያንን የወረቀት ካርድ ክምር ከእንግዲህ አልሸከምም፤ እዚሁ ይቀመጥ።»

ጢኒጥ ግብ ጠባቂውን አሰበች። በእረፍት ሰዓት ኳስ ለመያዝ ሲወረወር ጉልበቱ የማይላጥበት ቀን የለም። ሐይቁ ዳር ያሉትን ድንጋዮች አሰበች። ቀጥሎ ሲስተር ለቁስሉ መድኃኒት ሊሰጡት በዚያ ቢጫ ረድፍ ላይ ጎንበስ ብለው ታዩዋት፤ ያለ መነጽር፣ አምነው። ፈራች። ግን እጇ ፍርሃቷን አልጠበቀም፤ ወደ ማውሱ ሄደ።

የመብረቅ እጅ ገና እዚያው ነበር።

«ጢኒጥ፣ ተይ» አለች መብረቅ በሹክሹክታ። «በናትሽ።»

ጢኒጥ ማውሱን ቀስ አድርጋ ከጓደኛዋ መዳፍ ስር ሳበችው። «ስም» የሚለውን ነካች። ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተገለባብጦ እንደገና ተደረደረ። ጭብጨባው ሳሳ። ቀስቱን በግብ ጠባቂው ስም ላይ አሳረፈች፤ ረድፉ ቦግ ብሎ ቢጫ ሆነ።

«ሲስተር፣ አንዴ ቀረብ ይበሉልኝ» አለች። «የሚከፈተው ካርድ የማን እንደሆነ ይዩልኝ።»

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ጢኒጥ ጠቅ አደረገች።